ለቅሶ ያልተቀመጥንለት ሐዘን



ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ማንም አያስተምረንም። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ገበሬው ከእርሻው፣ ነጋዴው ከሱቁ ይነሣል። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል። ሐዘንተኛው ሌሊቱን ብቻውን አያድርም፤ አጠገቡ የሚተኛ ዘመድ አለ። አልበላም ሲል ይለመናል፣ እንደ ሕፃን ያጎርሱታል። ሙሾ አውራጇ የሟቹን ሥራና ጠባይ በስሙ እያነሣች በሆድ የታመቀው እንዲወጣ ታደርጋለች። ሳልስት ይቆጠራል፣ ሰባት ይቆጠራል፣ አርባና ሰማንያ ይቆጠራል። ከዚያ አንድ ቀን ሽማግሌዎች ይመጡና «በቃሽ ልጄ፤ ከልሽን አውልቂ፤ ለተረፉት ልጆችሽ ኑሪ» ይላሉ። ለቅሶ መጀመሪያ አለው፣ መካከል አለው፣ ማብቂያም አለው።

ይህን ሥርዓት የሠሩት አያቶቻችን የሥነ ልቦና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ዛሬ ባለሙያዎች ለሐዘንተኛ ከሚመክሩት አብዛኛው ግን እዚያ ድንኳን ውስጥ አለ፤ ሰውን ብቻውን አለመተው፣ ስሜቱን እንዲያወጣ መፍቀድ፣ የሞተውን በስሙ ማንሣት፣ ጊዜ ሰጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሥነ ልቦና ጉዳት ስናገር ከባዶ አልጀምርም። ያለንን ነው የማነሣው።

የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ ጥበብ ሰው ካልሞተ ሥራ የማይጀምር መሆኑ ነው። የተደፈረች ልጅ ቤት ድንኳን አይተከልም። ታግቶ፣ ቤተሰቡ ከብቱንና መሬቱን አስይዞ በተበደረው ገንዘብ የተለቀቀ ሰው ሲመለስ «እንኳን በሕይወት ተረፍክ» ብለነው ወደየቤታችን እንገባለን፤ ሌሊት እየባነነ ሲጮኽ የሚሰማው ሚስቱ ብቻ ናት። ጎረቤቱ ሲገደል በዓይኑ ያየ የ12 ዓመት ልጅ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ይባላል። ከግንባር የተመለሰ ሚሊሻ በሩ በኃይል ሲዘጋ እንደሚደነግጥ ለማን ይናገር? «ፈራ» ይሉታል ብሎ ዝም ይላል። ልጇ የት እንደደረሰ የማታውቅ እናት ደግሞ እንዳታለቅስ ሞተ አልተባለች፤ እንዳትስቅ አልመጣ። እነዚህ ሰዎች በመካከላችን ገበያ ይወጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ መስጊድ ይሰግዳሉ። ለቅሶ ሳንቀመጥላቸው አብረውን ይኖራሉ። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነሱ ነው።

በመጀመሪያ በሰውየው ላይ ምን እንደሚደርስ እንወቅ፤ ያላወቅነውን እንወቅሳለንና። አደጋ ሲመጣ አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው ክፍል ማሰቢያውን ሳይጠብቅ ያስጠነቅቃል። ልብ ይደልቃል፣ ደም ወደ እጅና እግር ይሮጣል፣ ጨጓራ ሥራውን ያቆማል። ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ሁለቱም በማይቻልበት ጊዜ ደርቆ ይቀራል፤ ድምፅ አይወጣም፣ እጅ አይነሣም። «ለምን አልጮኸችም?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። ያልጮኸችው ፈቅዳ ወይም ወድዳ ሳይሆን ሰውነቷ ሳያስፈቅዳት ስለ ደረቀ ነው። ይህን ጥያቄ ጠይቀን የምናውቅ ሰዎች ካለን ከዛሬ ጀምሮ እንተወው።

አደጋው ካለፈ በኋላ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይረጋጋል። አንዳንዱ ግን አይለቀውም። ያለፈው ነገር እንዳለፈ ሆኖ ትዝ አይለውም፤ አሁን እየሆነ እንዳለ ሆኖ ይመጣበታል። የተቃጠለ ነገር ሽታ፣ የሞተር ብስክሌት ድምፅ፣ አንድ ሰው የለበሰው ልብስ ቀለም ይበቃል። እዚህ አገር ስለ ፈረስ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ ጊዜ ድልድይ ላይ የደነበረ ፈረስ በሌላ ቀን ያው ድልድይ ላይ ሲደርስ ጆሮውን ያቆማል፣ ማላብ ይጀምራል፣ ወደ ኋላ ይላል። ድልድዩ ላይ ዛሬ ምንም የለም። ጎበዝ ፈረሰኛ በአለንጋ አይገርፈውም፤ «ከዚህ በኋላ በዚህ መንገድ አልሄድም» ብሎም አይተወውም። አንገቱን እያሻሸ፣ ከተረጋጋ ፈረስ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ፣ ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እያስጠጋ ያሻግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነት ጉዳት ከሚመክራቸው የንግግር ሕክምናዎች ዋናው የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰውየው ደኅንነቱ በተጠበቀበት ቦታ፣ ከሚያምነው ባለሙያ ጋር፣ በአቅሙ ልክ ወደሚፈራው ትዝታ እየቀረበ ያልፈዋል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ጨምሮ» እንደሚባለው እናደርጋለን። ላልተዘጋጀ ሰው «ንገረን፣ እንዴት ሆነ? ማን ቀድሞ ሞተ? ምን አሉህ?» እያልን እናፋጥጠዋለን።

ሕዝባችን ጤና ጣቢያ ሄዶ «የሥነ ልቦና ጉዳት አለብኝ» አይልም። «ራሴን ይበጠብጠኛል፣ ጨጓራዬ አላስተኛ አለኝ፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ነው የሚለው። እዚህ ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ለሦስተኛ ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምን ታይበታለህ?» በሉት። ብዙ በር የሚከፍት ጥያቄ ነው። ደግሞም አደጋ የደረሰበትን ሰው ገና በመጀመሪያው ወር በዳያዜፓምና በመሰሎቹ የማስተኛ መድኃኒቶች ማስተኛት የዓለም ጤና ድርጅት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማይመክረው ነገር ነው። የዕለቱን እንቅልፍ ሰጥቶ ልማድ ያስይዛል፤ ቁስሉን አያድንም።

ይህ ቁስል የአበሻ ድካም ወይም የዘመኑ ልጆች ቅብጠት የሚመስለው ሰው ካለ ታሪኩን ይስማ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፍ ድምፅ አእምሯቸው የተናወጠ ወታደሮች ፈሪና ከዳተኛ ተብለው በገዛ አገራቸው ጦር ተረሽነዋል። እንግሊዝ በዚያ ጦርነት ከረሸነቻቸው ወታደሮቿ መካከል 306ቱን ይቅር ያለቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚመጣውን፣ ፒቲኤስዲ የሚባለውን ሕመም በመዝገቡ ውስጥ ያሰፈረው ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የቬትናም ዘማቾች ስቃይ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ኃያላን የሚባሉት አገሮችም ቢሆኑ ይህን ቁስል እንደ ቁስል ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች 70 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ከባድ የሚያስደነግጥ ነገር ይገጥማቸዋል፤ ከዚያ ውስጥ ፒቲኤስዲ የሚይዛቸው ከ100 ስድስት እንኳ አይሞሉም። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ሰው ለመዳን ተሠርቷል ማለት ነው። ጦርነት ባለበት አገር ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ድርጅቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በግጭት ውስጥ ካለፉ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ፒቲኤስዲ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለበት። ከአምስት አንድ። የተቀመጣችሁበትን ወንበር ረድፍ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። በዚህ በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በሉት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አባቶቻችን በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የወደቁትን ሰዎችና ፈረሶች የሚያስቡበትን ማኅበር ያቆሙት ወራሪው ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ፣ ቁስሉ ደም እያፈሰሰ ነው። «ሰላም ይሁንና እናስባለን» አላሉም። ሐዘናቸውን ወደ ሥርዓት፣ ሥርዓቱን ወደ ማኅበር ለወጡት። ዛሬ ያ ማኅበር ሰው ያስታርቃል፣ በደስታም በሐዘንም ይገኛል። ስለ ሥነ ልቦና ቁስል ብዙ የጻፈችው አሜሪካዊቷ ሐኪም ጁዲት ኸርማን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ መዳን በሦስት ደረጃ እንደሚሄድ አስረድታለች፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ማስታወስና ማልቀስ፣ በመጨረሻ ከሰው ጋር እንደገና መገናኘት። የእኛ አያቶች የመጀመሪያውን ሳያገኙ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በፈረስ ጀርባ ላይ ጀመሩት። እኔ ይህን ሳስብ በዚህ ሕዝብ ላይ ያለኝ ተስፋ ይበረታል።

ለቅሶ የተከለከለ ሕዝብ ምን እንደሚሆንም አገራችን አይታለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ቤተሰቦች እንዳያለቅሱ፣ ከል እንዳይለብሱ ተከለከሉ፤ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም አሉ። ሟች አለ፤ ድንኳን የለም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከ30 ዓመት በላይ የብዙ እናቶች ለቅሶ በሆዳቸው ቆየ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ያንን ቀን ሳያዩ አለፉ። «ሆድ ይፍጀው» የሚባለው ነገር ይህ ነው፤ ሆድ ሲፈጀው ሆዱም ራሱ ያልቃል።

በዚህ አካባቢ ያለነው ደግሞ ሩቅ ታሪክ መጥራት አያስፈልገንም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ንጋት ላይ በደረሰው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ አስታውቋል። ከዚያ በፊትም በኋላም ከመተከል ሸሽተው በጓንጓ ወረዳ ቻግኒ ራንች መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠልለው ነበር። መተከል ከሰባቱ የአገው ቤቶች አንዱ ነው። ስለዚህ የደረሰው በእንግዳ ላይ የደረሰ አይደለም። የቻግኒና የአካባቢው ሕዝብ ያለውን አካፍሎ ተቀብሏቸዋል፤ ይህ ሊነገርለት ይገባል። ዱቄት ተሰጠ፣ ብርድ ልብስ ተሰጠ። የቆሰለው ልብ ግን በስንዴ አይሞላም። ባሏና ልጆቿ የተገደሉባት፣ ሬሳ ሳታይ የሸሸች ሴት ድንኳን ተሰጥቷታል፤ የተሰጣት ግን የመጠለያ ድንኳን እንጂ የለቅሶ ድንኳን አይደለም። ሰባቱን ማን ቆጠረላት? አርባውን ማን አወጣላት?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን የቀጠለው ጦርነት በዚህ አዳራሽ ያለ እያንዳንዱን ቤተሰብ በሆነ መንገድ ነክቷል። ማን ጀመረው፣ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ የሚቃዠው ልጅ ጥይቱን የተኮሰው ወገን ማን እንደሆነ ታይቶ የሚታከም ወይም የማይታከም ሊሆን አይችልም። የወታደሩም እናት፣ የታጣቂውም እናት፣ የአርሶ አደሩም እናት እዚህ ናቸው። ለቅሶ ቤት ጠላትም ቢሆን ይገባል፤ ይህ የአባቶቻችን ሕግ ነው።

ስለ መርዶ ትንሽ ልቆይ። መርዶ በኛ ዘንድ ትልቅ ጥበብ ነበረው። ንጋት ላይ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይሄዳል። ልቧ ደካማ የሆነች እናት ካለች የሚደግፋት ሰው ቀድሞ ከጎኗ ይቆማል፤ ውኃ ይዘጋጃል፤ የሚናገረው ሰው ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ያዝዛሉ፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማየት፣ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ ከቤተሰቡና ከሚረዳው ጋር ማገናኘት። የእኛ መርዶ ነጋሪዎች ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ዛሬ መርዶ በስልክ ይመጣል፤ ከዚያም ብሶ የልጇን ሬሳ በፌስቡክ ያየች እናት አለች። ወጣቶች፣ እባካችሁ ስሙኝ። የሞተ ሰው ፎቶ በእጃችሁ ሲገባ ለቤተሰቡ መርዶ እንዳልተነገረ አስቡ። የምታጋሩት ምስል እናቱ ዓይን ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ይኖራል።

የጠፋ ሰው ያላቸው ቤተሰቦች ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠናችው ይህንን ዓይነት እጦት ነው። ሞተም አለም ያልተባለ ሰው ቤተሰብ ማልቀስም ተስፋ ማድረግም እንደሚያቅተው፣ ይህም የእነርሱ ድክመት ሳይሆን የሁኔታው ክፋት እንደሆነ አሳይታለች። በኛ ባህል ሩቅ አገር የሞተ ሰው ሬሳው ባይገኝ ልብሱና ፎቶው ወጥቶ ይለቀስለታል። ለጠፋው ግን ሥርዓት የለንም። እንዲህ ያለች እናት ቤት «ቁርጡን ብታውቂ ይሻልሽ ነበር» ማለት ጭካኔ ነው፤ «ይመጣል፣ አይዞሽ» ብሎ መማልም ሐሰት ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ስሙን እየጠሩ አብሮ መቀመጥ ነው። ልጇ የሚወደውን ጨዋታ ጠይቋት፤ በልደቱ ቀን ቡና አፍሉላት። ሐዘንና ተስፋ በአንድ ቤት እንዲኖሩ ፍቀዱላት።

የተደፈሩ ሴቶችን በተመለከተ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። መጀመሪያ ጤና ተቋም። ኤች አይ ቪ እንዳይይዝ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለውም እስከ አምስት ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ «ነገሩን እናጣራ፣ ሽማግሌ እንላክ» ተብሎ የሚጠፋው ቀን የልጅቱን ሕይወት የሚወስን ቀን ነው። ቀጥሎ ደግሞ ስለ ሽምግልና ልናገር። እኔ ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ደም ያደረቀ፣ ብዙ ቤት ያቆመ ሥርዓት ነው። አስገድዶ መድፈርን በካሣ ማስማማት፣ ይባስ ብሎ ለደፈራት መዳር ግን ሽምግልና አይባልም። ቁስሉ ላይ ጨው ነው። ልጅቱ በየቀኑ ያንን ሰው በመንገድ እያየች እንዴት ደኅንነት ይሰማት? ደኅንነት ከሌለ ደግሞ መዳን እጅግ ይከብዳል።

ለወንዶቻችንም እዘናለሁ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብለን አሳደግናቸውና ማልቀሻቸው አረቄ ሆነ። አረቄ ለመጀመሪያዋ ሌሊት ያስተኛል፤ ከዚያ እንቅልፉን ይሰርቃል፣ ቁጣውን ይጨምራል፣ ዱላው ሚስትና ልጅ ላይ ያርፋል። አንድ ሰው የቆሰለው ጦር ሜዳ ነበር፤ ቁስሉ ግን ቤት ድረስ መጥቶ ሌሎችን ያቆስላል። በትዳር ጉዳይ የምትሸመግሉ አባቶች «ለምን ትጠጣለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አይተህ መጣህ?» በሉት። በዱላው ተጠያቂነቱ አይቀርለትም፤ መነሻው ካልተነካ ግን ዱላው አይቆምም።

ልጆች በቃል አይናገሩም። ትልቅ ከሆኑ በኋላ አልጋ ላይ መሽናት ሲጀምሩ፣ ከእናታቸው ቀሚስ አልላቀቅ ሲሉ፣ ጨዋታቸው ሁሉ መግደልና መቅበር ሲሆን እየነገሩን ነው። አትግረፏቸው፣ አታሸማቅቋቸው። ለሕፃን መድኃኒቱ የተለመደ ቀን ነው፤ በሰዓቱ መብላት፣ በሰዓቱ መተኛት፣ ጨዋታ፣ ትምህርት። በክልላችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ የራቁበት ዘመን ነው፤ መምህራን ሆይ፣ በሰላም ቀን አንድ ሰዓት ብታስተምሩ ፊደል ብቻ አይደለም የምትሰጧቸው፤ ነገ የሚባል ቀን እንዳለ ታሳዩአቸዋላችሁ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በአገውኛ አነጋግሯቸው። ሰው የሚቃዠውና የሚጸልየው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ በሌላ ቋንቋ ሕመሙን ሲናገር ግማሹ በመንገድ ይቀራል። ይህ ለአዋቂም ይሠራል፤ የጤና ባለሙያ በአገውኛ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ሌላ ነው።

«ሞት ይሻለኛል» ያለን ሰው በቀልድ አትለፉት። «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ የሚያስብለት ሰው እንዳለ ያውቅበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ለድንች ማሳ የሚረጨውን ፀረ ተባይ መድኃኒት ደግሞ ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጡት ወይም ከቤት አውጡት።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው? ከአደጋው በኋላ አንድ ወር አልፎ ቅዠቱ፣ መባነኑ፣ ከሰው መሸሹ ካልቀነሰ፣ ወይም ሰውየው መሥራትና ልጆቹን ማየት ካቃተው ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ያለፈው ወደ ባሕር ዳር ይላካል። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እብድ ብቻ የሚሄድበት አድርገን ስሙን ማስፈራሪያ ማድረጋችን ብዙ ሰው ከሕክምና አስቀርቷል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያልነው እኛው ነን። ሕክምናው በዋናነት ንግግር ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን የድብርት መድኃኒት ይጨመራል። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ የተጀመረ መድኃኒት ግን አይቋረጥ። የንስሐ አባቶችና ኢማሞች፣ እናንተ ከማንም ሐኪም በፊት ምሥጢር የምትሰሙ ናችሁ። «ይህ የኃጢአትህ ዋጋ ነው» የምትል አንዲት ቃል ከእናንተ አፍ ብትወጣ ሰው ትሰብራለች፤ «የደረሰብሽ በደል ነው፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» ብትሉ ደግሞ ሐኪሙ በወራት የሚሠራውን ትጀምሩለታላችሁ።

ባለሙያው ግን ጥቂት ነው፣ እንደምንፈልገው ቶሎም አይበዛም። ዚምባብዌም እንዲሁ ነበረች። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ከተማ ውስጥ 14 አያቶችን አሠለጠነ፤ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አስቀመጠላቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ያዳምጡታል፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ በምን እንደሚጀምር አብረው ያስባሉ፣ ሳምንት ተመልሶ እንዲመጣ ይቀጥሩታል። ሥራቸው በጥናት ተፈትኖ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ፤ አያቶቹ ዘንድ የተቀመጡት ሰዎች ተራውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ቀንሶ ተገኘ። እኛ አግዳሚ ወንበሩም፣ የዛፍ ጥላውም፣ አያቶቹም አሉን። የሚያስፈልገው ሥልጠናና ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተ ለእድር ዳኞች ነው። የእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ሰው ሲሞት ምን ያህል ብር እንደሚከፈል፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ያልመጣ አባል ስንት እንደሚቀጣ በዝርዝር ያውቃል። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት። ከአባላት ቤት ሰው ሲታገት፣ ሲደፈር፣ ሲፈናቀል፣ ሲጠፋ ወይም በጦርነት ተጎድቶ ሲመለስ እድሩ ሁለት የተመረጡ ሰዎች ይላክ፤ እነርሱም ምሥጢር ጠባቂ ይሁኑ፤ ለተደፈረች ሴት የሚላኩት ሴቶች ይሁኑ፣ ያውም እርሷ ስትፈቅድ። በሳልስቱ፣ በሰባተኛው፣ በአርባኛው ቀን ተመልሰው ይጠይቁ፤ በአርባኛው ቀን ካልተሻለው እድሩ የመሳፈሪያውን ከፍሎ ሆስፒታል ይውሰደው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ሥልጠናውን ስጡ፤ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ከአንድ ቀን ሥልጠና ይጀምራል። የፈረሰኞች ማኅበር አባቶች ደግሞ በመጪው ጥር 23 የወደቁትን ስታስቡ በሕይወት ያሉትን ቁስለኞችም በዚያው ሜዳ ላይ አስቡልን፤ ስማቸውን ሳትጠሩ፣ እንዳልተረሱ ብቻ ንገሯቸው። ደንቡን ለማርቀቅ የምትፈልጉ እድሮች ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ተነጋገሩ፤ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ።